የአዴ ዲንቄ ቤት ደረጃ

ገብስ የሚባለው እህል ምንኛ ዕድለ ቢስ እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ቆሎ ሆኖ ሲቆረጠም ማንም ዘወር ብሎ አያየውም። በሶ ሆኖ ሲበጠበጥ፣ ቂጣ ሆኖ ሲጋገር፣ ከባለቤቱና ከጎረቤት ዶሮ በቀር ነገሬ የሚለው የለም። ያው ገብስ በቅሎ፣ ታምሶ፣ ከጌሾ ጋር ጋን ውስጥ ገብቶ ሲብላላ ግን ሽታው ከመንደሩ አልፎ ማዘጋጃ ቤት ድረስ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እህል መሆኑ ይቀርና ጉዳይ ይሆናል። ደንብ ይወጣለታል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ቆብ ያደረገ ሰው ይላክበታል።

የጠርሙስ ቢራስ ከዚህ ጣጣ ነፃ ይመስላችኋል? አይደለም፤ እሱ ብልጥ ስለሆነ ነው። የቢራ ግብር ገና ከፋብሪካው ሳይወጣ ከቆርኪው ሥር ገብቶ ይደበቃል። ጠጪውም ግብሩን ከአረፋው ጋር አብሮ እየጠጣ፣ ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረገ፣ «እኔን እኮ መንግሥት አስቸግሮኝ አያውቅም» ይላል። የጠላ ግብር ግን መደበቂያ ቆርኪ የለውም፤ በእግሩ ነው የሚመጣው። ጫማውን አቧራ አልብሶ፣ ቦርሳውን በብብቱ ይዞ፣ «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ሰው ደግሞ የሚሸሸው የሚያየውን ነው። እንግዲህ የጠላ ነጋዴ ሁሉ ግብር ሸሺ፣ የቢራ ጠጪ ሁሉ ታማኝ ዜጋ የሚባለው በዚህ ምክንያት እንጂ በሌላ አይመስለኝም። ይህን ሁሉ ጥበብ ከየት አመጣኸው ትሉኝ ይሆናል።

ከጠላ ቤት ነው።

በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ ላይ፣ ቡርቃ ጃቶ በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት የልብስ ስፌት መኪና በረንዳ ላይ ዘርግቼ እኖር ነበር። አባቴ ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ ለንግድ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። እኔ ግን ተወላጅ ነኝ፤ አፌን የፈታሁትም በሁለት ቋንቋ ነው። ስቆጣ በአማርኛ፣ ስጠማ በኦሮምኛ እናገር ነበር። ልብስ ሰፊ ከሌላው ባለሙያ የሚለየው ቁጭ ብሎ እየሠራ ሰው ሁሉ በፊቱ የሚያልፍ በመሆኑ ነው። ማን እንደከሳ፣ ማን እንደወፈረ፣ የማን ኪስ እንደተቀደደና የማን እንደሞላ ከእኔ በፊት የሚያውቅ አልነበረም። ከእኔ በረንዳ ፊት ለፊት ደግሞ የአዴ ዲንቄ ቤት ነበር።

«አዴ» በእኛ አገር ታላቅ እህትንና የተከበረች ሴትን መጥሪያ ነው፤ ወንዱን «ኦቦ» እንላለን። አዴ ዲንቄ ባሏ ሞቶባት፣ ልጅ ሳትወልድ፣ አንዲት ጎጆና ጥቂት የጌሾ ዛፍ ያለበት ጓሮ ይዛ የቀረች ሴት ናት። እኛ ጠላ የምንለውን እሷ ፋርሶ ትለዋለች፤ የሚጠጣው ግን ያው አንዱ ነው። እሷ የምትጠምቀው ጠላ ምን ዓይነት እንደነበረ ልነግራችሁ ብሞክር ዛሬ ሌላ ሥራ አልሠራም፤ ስለዚህ ልለፈው። መኖሩን የምናውቀው በጣሳው ነው። እንደ ጠላ ነጋዴ ሁሉ ከደጇ ረዘም ያለ እንጨት ተክላ፣ ከጫፉ ላይ ባዶ ጣሳ ትደፋበታለች። ጣሳው ከተሰቀለ ጠላ አለ። ጣሳው ከወረደ ወይ ጋኑ አልቋል፣ ወይ ሰው ሞቷል፤ በሁለቱም እናዝናለን።

ወንድሟ ቢላ በምትባል ከተማ ነው የሚኖረው። ሰውየው ደግ ነው ይባላል፤ ችግሩ ሚስቱ ናት። አዴ ዲንቄ ባሏ የሞተ ሰሞን እነሱ ዘንድ ሄዳ አንድ ክረምት ከርማ ነበር። ስትመለስ ምን አድርገውሽ ነው እንዲህ የከሳሽው ብለን ጠየቅናት። «ወጥ ላይ ጨው ስጨምር እጄን ታያለች» አለችና ጋኗን ልታጥን ገባች። ጠላውን ካልሸጠች ወደዚያች ሴት ማጀት መመለስ እንዳለባት ግን እሷም ታውቃለች፣ እኛም እናውቃለን። በገዛ ቤቷ፣ ማንም እጇን ሳያያት፣ ደስ ያላትን ያህል ጨው የምትጨምረው ጠላው እስካለ ድረስ ብቻ ነበር።

ታዲያ በአንድ የቅዳሜ ገበያ አቶ በየነ የተባለ የመጠጥ ቤቶች ተቆጣጣሪ ከሸዋ ተሾሞ መጣ። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ኮቱን በዚያ ሙቀት እንኳ የማያወልቅ ሰው ነው። ገበያው መካከል ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ ግዕዝ ለመሆን ጥቂት በቀረው አማርኛ፣ ሁለት ሉህ ሙሉ ማስታወቂያ አነበበ። እሱ ሲጨርስ አዋጅ ነጋሪው ተራውን ወሰደና ለገበያተኛው በኦሮምኛ አስረዳ። የሸጠ ይከፍላል፤ ያልሸጠ አይከፍልም፤ ሳይከፍል የሸጠ ቤቱ ይታሸጋል። ሁለቱን ሉህ በሦስት ትንፋሽ ጨረሰው። አቶ በየነ «ይኼው ነው?» በሚል ዓይን አየው። ገበያተኛው ግን ደስ ብሎት፣ እንዲህ ያለ ቀና ሕግ ወጥቶ አያውቅም እያለ ወደ ጎመኑና ወደ በርበሬው ተመለሰ።

ሰኞ ጧት በነቀምቴ ከተማ ጠላ የሚሸጥ ቤት ጠፋ። እንጨቶቹ በየደጁ እንደቆሙ ናቸው፤ ጣሳ ግን ለመድኃኒት አይገኝም። አቶ በየነ ከደጅ ደጅ እየዞረ «ይህ እንጨት ለምን ተተከለ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዷ ልብስ ማስጫ ነው አለችው። አንዷ ጭልፊት ማስፈራሪያ ነው አለችው። አንዷማ እኔ አልተከልኩትም፣ በራሱ የበቀለ ነው ብላ ድርቅ አለች። አገሩ ለምለም ስለሆነ እሱም አላመንኩም ለማለት ተቸገረ።

አዴ ዲንቄም ጣሳዋን አውርዳለች፤ እኛ ግን ጣሳ ሳያስፈልገን መንገዱን ስለምናውቅ በቀትር ተሰብስበን ከግቢዋ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለናል። እኔ አለሁ፣ የፍርድ ቤቱ ዘበኛ አለ፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ አለ፤ ሌሎችም ነበሩ። ወሬ ይዘን ሳለ አቶ በየነ በተከፈተው በር ሰተት ብሎ ገባ።

«ይህ ይሸጣል?» አለ፣ የያዝነውን እያየ።

እኔ ጣሳዬን የማደርግበት ጠፋኝ። ጉልበቴ ሥር ብወሽቀው ይፈሳል፤ ብጠጣው ማስረጃ መዋጥ ይሆንብኛል። መዋጡ ይሻለኛል ብዬ ዋጥኩት። አዴ ዲንቄ በማጀቷ በር ላይ ቆማ ፊቷ ዐመድ መስሏል።

በዚያን ሰዓት ከአጥሩ ጥግ ኦቦ ተርፋ ጉድጓድ እየቆፈረ ነበር። ኦቦ ተርፋ ጎረቤታችን አናጢ ነው። የሚሲዮን አማኝ ስለሆነ አይጠጣም፣ አያጨስም፣ አይምልም፤ ከሁሉም የሚያስቸግረው ግን አይዋሽም። የአዴ ዲንቄ የበር ምሰሶ ወድቆባት ሊተክልላት፣ እኛን አግዙኝ እያለ ሰሞኑን ሲለምነን ከርሟል። ያን ዕለትም ለምኖን፣ «ይቺን ጨርሰን እንመጣለን» ብለነው ነበር። የማይዋሽ ሰው ችግሩ ሌላውም የማይዋሽ የሚመስለው መሆኑ ነው፤ እውነት ብሎ እየጠበቀን ነው።

አቶ በየነ ወደ እሱ ሄደ። «ኦቦ ተርፋ፣ እርስዎ ውሸት እንደማያውቁ ሁሉም ይነግረኛል። እነዚህ ሰዎች እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ደቦ ነው ጌታዬ» አለ ኦቦ ተርፋ፣ አፈሩን ከእጁ እያራገፈ። «ምሰሶ ልንተክል ነው። እኔ ነኝ ማሎ፣ እባካችሁ ኑ ብዬ የጠራኋቸው። ገና አልጀመሩም እንጂ መጥተዋል።»

«ፋርሶውስ?»

«ያለ ፋርሶ ደቦ ደግሞ የት አገር አለ?»

ደቦ ምን እንደሆነ ለናንተ ማስረዳት ድፍረት ነው። ከባድ ሥራ የገጠመው ሰው ጎረቤቱን ይጠራል፤ ጎረቤት ያለ ክፍያ ይሠራል፤ ባለቤቱ ያበላል፣ ያጠጣል። ይህን ሽያጭ ነው የሚል ሰው ቢኖር ጤንነቱ ያጠራጥራል። በእኛ ሰፈር ግን ደቦ ሁለት ጥብቅ ሥርዓት አለው። ደቦ ላይ የደረሰ ሰው፣ መንገደኛም ቢሆን ሹም፣ አንዲት ጓል እንኳ ቢሆን ሳያነሳ አያልፍም። እጁን ያስነካ ሰው ደግሞ ሳይጠጣ አይሄድም። አንዱንም ሁለቱንም ማፍረስ ባለቤቱን መስደብ ነው። ይህ ሥርዓት ከማዘጋጃ ቤቱ በፊት የነበረ ስለሆነ የመሰረዝ ሥልጣን ያለው ሹም እስካሁን አልተገኘም።

«እንግዲያው ይጀምሩ!» አለ አቶ በየነ።

ብድግ ስንል ብታዩን! ዘበኛው ዶማውን፣ ሾፌሩ ገመዱን፣ እኔ ከመርፌ ሌላ ብረት ጨብጬ የማላውቀው ሰውዬ አካፋውን ነጠቅን። ኦቦ ተርፋ ደስታው ወሰን አጣ። ምሰሶው ሲነሳ ወደ አቶ በየነ በኩል ዘመመና ኦቦ ተርፋ «ማሎ ጌታዬ፣ እጅዎን ጣል ያድርጉበት!» ብሎ ጮኸ። አቶ በየነ ሳያስበው ደግፎ ያዘ። ምሰሶው ቆመ። አዴ ዲንቄም ሥርዓቱን ታውቃለችና ጣሳ ሙሉ ይዛ መጥታ በሁለት እጇ ዘረጋችለት። «ዱጋ፣ ኦቦ በየነ» አለችው፤ ይጠጡ ማለቷ ነው። ግራ ቀኙን አየ። እኛም ሌላ ቦታ የምናይ መሰልን። ጠጣ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ተያዝን። አቶ በየነ «ደቦው እንዴት እየሄደ ነው?» እያለ ብቅ ማለት አበዛ፤ ደቦ ደግሞ ሥራ ይፈልጋል። ስለዚህ እንደ ድሮው ገብቶ ቁጭ ማለት ቀረና መጀመሪያ ሠርቶ፣ ቀጥሎ መጠጣት ሆነ። ገንዘብ ማውጣት ፈጽሞ ክልክል ነው። ባዶ እጅ መምጣት ግን ነውር ስለሆነ አንዱ ገብስ፣ አንዱ በቆሎ፣ አንዱ ማገዶ ይዞ ይመጣል። አዴ ዲንቄ ከጥንስሷ የተረፈውን እህል ቅዳሜ ገበያ አውጥታ ትሸጣለች። ገብስን በገብስነቱ መሸጥ ማንም አልከለከለም።

ከምሰሶው ቀጥለን የያዝነው አጥር አለቀ። ቀጥሎ ሽንት ቤት ይቆፈር ተባለ፤ ተቆፈረ። ጠጪ በዛና ለሴቶች ሌላ ይሁን ተባለ፤ እሱም ተቆፈረ። ግድግዳው ተመረገ፣ ዘበኛው ከየት እንዳመጣው እንጃ ኖራ አምጥቶ ለቀለቀው። ሾፌሩ እህል ስለሌለው ባዶ የናፍጣ በርሜል እየጫነ ያመጣ ጀመር፤ እየሰነጠቅንና እየጠፈጠፍን ሣሩን አንስተን በርሜሉን በርሜል ላይ ደርበን ከደንነው። ኦቦ ተርፋ ለእያንዳንዱ ሚስማር እየተጨነቀ፣ ብርዙን እየጠጣ፣ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ሥራ ወዳድ ሕዝብ አይቶ እንደማያውቅ ይናገር ነበር። እኛም መልካም ስማችንን ለማጥፋት አልፈለግንም።

ያልተደሰቱት ሚስቶቻችን ናቸው። የዘበኛው ሚስት አንድ ቀን መጥታ ባሏ መሰላል ላይ ወጥቶ ስታየው እንደ ራእይ አፏን ይዛ ቆመች። የገዛ ቤቷ ጣራ ከሠርጓ ጀምሮ ያፈስሳል። «ይኼ ሰውዬ መሰላል መውጣት ይችላል?» ብላ እኛን ጠየቀችን። ምን እንመልስላት? ዛሬ ነው የተማረው አልናት።

አቶ በየነን ደግሞ እኔ በሜትሬ አውቀዋለሁ። ነቀምቴ የመጣ ሰሞን ሱሪው ሰፍቶበት ላጥብብለት ወደ እኔ መጥቶ ነበር። ወዲያው ያጠበብኩትን እንድፈታለት መጣ። ቆይቶ ደግሞ ከፈታሁት በላይ ጨርቅ እንድጨምርበት መጣ። ሥራ አክባሪ ስለሆነ ቁጥጥሩን አያስታጉልም፤ ወግ አክባሪ ስለሆነ ደግሞ በመጣ ቁጥር እጁን ያስነካል፤ እጁን ካስነካ መጠጣት አለበት። አንድ ቀን ወገቡን ስለካው እንዲህ አለኝ።

«ኦቦ ታደሰ፣ ጠላው እየተሸጠ እንደሆነ አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቁ?»

«እንዲህ የሚጥም ጠላ በነፃ አይሰጥም።»

ልክ ነበር። ግን ጣዕም ማስረጃ አይሆንም። ቀኝ እጄን አውጥቼ መመስከር ቢኖርብኝም፣ አንድ ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ አላየሁም።

ወደ ችግሩ ልምጣ። ሰው ሰነፍ ሲሆን ሥራ አያልቅም፤ ሰው ሁሉ የሠራ ቀን ግን ሥራ ያልቃል። በአዴ ዲንቄ ግቢ የሚሠራ ጠፋ። ሦስተኛ ሽንት ቤት እንቆፍር ብንል ኦቦ ተርፋ «ለማን?» ብሎ ጠየቀን። በመጨረሻ ከግቢው ቀኝ ያለውን የድንጋይ ክምር ወደ ግራ አዛወርነው። ሲያልቅ ወደ ቀኝ መለስነው። አቶ በየነ ኮቱን አውልቆ አንድ ትልቅ ድንጋይ አቅፎ መካከል ላይ ቆመና፣ «ይህን ድንጋይ ትናንት ወዲያ አልወሰድነውም እንዴ?» አለ።

ድንጋዩን አስቀመጠና ወደ አዴ ዲንቄ ሄደ። እንደ ሹም ሳይሆን እንደ ሰው ነው ያናገራት። «አዴ ዲንቄ፣ በዚህ ከተማ አንድ ጠላ ቤት አላገኘሁም ብዬ ስጽፍ አለቆቼ ሳቁብኝ። ሥራ የሌለው ደቦ ደግሞ ደቦ ነው ብዬ ማለፍ አልችልም። ወይ ላሽገው ነው፣ ወይ ማሎ ፈቃዱን ያውጡ።» ማሎን ተምሯል። አዴ ዲንቄ ትንሽ አሰበች። እሷም ብትሆን በገዛ ግቢዋ ድንጋይ ሲመላለስ ማየት ሰልችቷታል። «ኤዬ፣ ይጻፉኝ» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። «ግብሩንም ቀስ ብዬ እከፍላለሁ። ጣሳዬን በግልጽ ልስቀል።»

እሰይ ተባባልን። ቤቱ ሊለካ ነውና አቶ በየነ ሜትሬን ተዋሰኝ፤ የእሱን ወገብ ስለካባት የነበረችው ሜትር የአዴ ዲንቄን መስኮት ለካች። ከዚያም ከቦርሳው ያንን የገበያ ቀን ማስታወቂያ አወጣና ሁለተኛውን ሉህ፣ ማለትም አዋጅ ነጋሪው የዘለለውን፣ ያነብ ጀመር። ክዳኑ ከብረት የሆነ? ነው፤ በርሜልም ቢሆን ብረት ነው። ግድግዳው በኖራ የተለቀለቀ? ነው። የወንድና የሴት ሽንት ቤት ለየብቻ? አለው። ዙሪያው የታጠረ? እንዴታ! አቶ በየነ ቀና አለና፣ ኩራት በተቀላቀለበት ድምፅ፣ እሱም እኮ የደከመበት ቤት ነው፣ «አንደኛ ደረጃ!» አለ።

አጨበጨብን። ዘበኛው ሾፌሩን አቀፈው። በነቀምቴ አንደኛ ደረጃ ማለት ባለሆቴሎቹ ብቻ የሚጠሩበት ማዕረግ ነበር። አቶ በየነ ግን ማንበቡን አላቆመም፤ ድምፁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። አንደኛ ደረጃ ቤት በፋብሪካ የተጠመቀ፣ በጠርሙስ የታሸገ ቢራ ይሸጣል። የቤት ጠላ መሸጥ የተፈቀደው ለሦስተኛ ደረጃ ቤት ብቻ ነው። ሦስተኛ ደረጃ ማለት የሣር ክዳን ያለው፣ ኖራ ያልተቀባ፣ አንድ ሽንት ቤት ያለው። በአንደኛ ደረጃ ቤት ጠላ ሲሸጥ የተገኘ ግን ቤቱ ይታሸጋል።

ነገሩን ቀስ ብለን ነው የተረዳነው። አዴ ዲንቄ አንድ ሳጥን ቢራ መግዣ የላትም። ብትገዛ ደግሞ ማን ሊጠጣላት? እኛ ገብስ ተሸክመን የምንመጣ ሰዎች ነን። ድሃ ሆና ብትቀር ኖሮ ጠላዋን ትሸጥ ነበር፤ ያደኸየናት እኛ ነን፣ ቤቷን እያሳመርን።

እሷ አላለቀሰችም። ኦቦ ተርፋ ጠርቦ ባስቀመጠላት ደረጃ ላይ ቁጭ አለችና ወደ ሾፌሩ ዞራ፣ «ወደ ቢላ የሚሄድ መኪና መቼ አለ?» ብላ ጠየቀችው።

ሾፌሩ ዓይኑን ወደ በርሜሎቹ ወረወረ። እኔ ብዙ ጊዜ እቀልዳለሁ፤ ያን ሰዓት ግን ያቺ የቢላ ሴት ማጀት ቆማ የዚህችን ሴት እጅ ስታይ ታየኝና የምይዘው የምጨብጠው አጣሁ።

«ሦስተኛ ብለው ቢጽፉት ምናለበት?» አለ ሾፌሩ ለአቶ በየነ። «ማን ያየዋል?»

«እግዚአብሔር ያያል» አለ ኦቦ ተርፋ። ትንሽ ቆይቶም «ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ የእኚህ ሰው አለቃ ያያል» ብሎ ጨመረ። ከዚያ አቶ በየነን አተኩሮ አየው። «ጌታዬ፣ እርስዎ የሚጽፉት የሚያዩትን ነው?»

«የማየውን ብቻ።»

«ዛሬ ጽፈዋል?»

አቶ በየነ ብዕሩን አየ። «ገና ነኝ» አለ።

«እንግዲያው ሐሙስ ይምጡና ይዩ» ብሎ ኦቦ ተርፋ ሚስማር መንቀያውን ሊያመጣ ወደ ቤቱ ሄደ።

በዘመኔ ብዙ ደቦ አይቻለሁ፤ ቤት ለማሳነስ የተጠራ ደቦ ግን ከዚያ ወዲያ አላየሁም፣ አልሰማሁም። ሐሙስ እንደ በዓል ቀን ነው የወጣነው። ከፊሉ ሣር ተሸክሞ መጣ፣ ከፊሉ ኖራውን በመጥረቢያ ጫፍ ይፍቅ ጀመር። አንደኛውን ሽንት ቤት፣ በቁፋሮው ወገቤ የተቀነጠሰበትን፣ በዚያ በሚመላለሰው ድንጋይ ደፈንነው፤ ድንጋዩም ተገላገለ፣ እኛም ተገላገልን። ኦቦ ተርፋ ሚስማሩን አንድ በአንድ ይነቅላል፣ የተጣመመውን ያቃናል፣ በኪሱ ያስቀምጣል። ቀጥ አድርጎ የሠራውን በገዛ እጁ ማፍረስ ከብዶት ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ግን የሚጻፈው ነገር እውነት መሆን ስላለበት አፈረሰው። የዘበኛው ሚስትም መጥታ ስታይ ቆየችና፣ «ማፍረስ እንኳ እንደሚችል ድሮም አውቅ ነበር» ብላ ሄደች።

አቶ በየነም መጣ። ሥርዓቱ ሥርዓት ነውና ኮቱን ሰቅሎ መሰላሉን ያዘ። ለእይታ ራቅ እያለ ቤቱን ይመረምራል፣ ሉሁን ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል። «በዚያ በኩል ኖራ ይታያል፤ ፋቁት! ገና ሁለተኛ ደረጃ ናት!» ይላል። እንደገና ይመለስና መሰላሉን ይይዛል። ከሰዓት በኋላ ላይ ቤቲቱ እንደ ጥንቷ ሣር ለብሳ፣ ግድግዳዋ ተዥጎርጉሮ፣ እንዲያውም ከድሮዋ ትንሽ ብሳ ቆመች። አቶ በየነ ለረጅም ጊዜ አያት። ብዕሩን አወጣና፣ የሚያየውን፣ ከሚያየው አንዲት ነገር ሳይጨምር፣ ሦስተኛ ደረጃ ብሎ ጻፈ። የደቦውን ጠላ ጠጥተን ተበተንን፤ አንዳንዶቻችን ሰክረን፣ አንዳንዶቻችን አዝነን፤ እኔ ሁለቱንም ነበርኩ።

በማግስቱ አዴ ዲንቄ ፈቃዷን ከበሩ በላይ ለጥፋ ጣሳዋን ሰቀለች። በመላው ነቀምቴ የመጀመሪያዋ ሕጋዊ ጠላ ቤት ናት። ቀትር ላይ በየቦታችን ቁጭ ብለን ሳለ አቶ በየነ እንደ ልማዱ ገባ፤ ቀድቶ የሚሰጠውን ሰው በዓይኑ ይፈልጋል። ዶማ የያዘ ሰው የለም፤ እጁን የሚያስነካበት ነገር የለም። አዴ ዲንቄ ጣሳ ሙሉ ይዛ መጥታ ፊቱ ቆመች፤ ጣሳውን ግን አልዘረጋችለትም። ሌላኛውን እጇን ነው የዘረጋችው።

«አካም ኦልተን፣ ኦቦ በየነ» አለች፤ እንደምን ዋሉ ማለቷ ነው። «አሁን ይሸጣል።»

አቶ በየነ ኪሱን ዳበሰ፣ ሳንቲሙን አውጥቶ በእጇ ላይ አኖረና ጣሳውን ተቀበለ። አንድ ጊዜ ጎንጨት አለ። ቆም ብሎ ወደ ጣሳው ውስጥ አየ። ደግሞ ጎንጨት አለ።

«አዴ ዲንቄ» አለ፣ «ይህ ከደቦው አልቀጠነም?»

«ኤዬ» አለች፣ ሳንቲሙን ከመቀነቷ ጫፍ እየቋጠረች። «የጎደለውን መንግሥት ጠጥቶታል።»

አቶ በየነ የቀረውን ጨለጠና ጣሳውን ይደገምልኝ ብሎ ዘረጋላት።